የከረሜላው ከተማና የምሳ ዕቃዬ ክዳን

ከትናንት ወዲያ ደሴ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ክረምት ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ቶናው ሊቀዳ ነው። አብሮ አደጌ ስልኬን ይዛ ፎቶ ታያለች። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አንች፣ ይሄ የመንገድ መብራት ነው ቸኮላት?»

መብራት ነው፣ ቅርጹ ግን የቸኮላት ነው አልኳት።

«እንዲህ ያለ አገር እየኖርሽ ነው ናፈቀኝ እያልሽ በስልክ የምታለቅሽው?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ያ ፎቶ ከተነሳ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ምን እንደሆነ እሷ አታውቅም።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ሲነዳ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሄርሺ የምትባል ከተማ አለች። ሚልተን ሄርሺ የሚባል ሰው በቸኮላት ፋብሪካው ዙሪያ የቆረቆራት ናት። አንዱ መንገድ ቸኮላት ጎዳና፣ ሌላው ካካዎ ጎዳና ይባላል። የመንገዱ መብራቶች «ኪስስ» የሚሉትን ጠብታ የመሰለ ቸኮላት ይመስላሉ፤ አንዳንዱ ከነብርማ መጠቅለያው፣ አንዳንዱ ተልጦ። ሄርሺፓርክ የሚባለው መጫወቻዋ በፈረንጆቹ 1906 ሲከፈት ለፋብሪካው ሠራተኞች መዝናኛ ነበር። አሁን ከየአገሩ ሰው ይጎርፍበታል።

ልጆቼ አምና የ7 እና የ4 ዓመት ነበሩ። ትልቁ ከትምህርት ቤት ሰምቶ ዓመት ሙሉ ነዘነዘኝ። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ እኔ አረጋውያን እንከባከባለሁ። የሁለታችን እረፍት አንድ ቀን ላይ የገጠመው በስንት መከራ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ጓጉቼ ነበር። እኔ ያደግሁት አንድ ደስታ ከረሜላ ለሦስት እየተካፈልኩ ነው። ከረሜላውን በሹራብ ጫፍ ጠቅለል፣ በጥርስ ቀጭ። ትልቁ ስባሪ ለታናሽ ይሰጣል፣ ብናኙን የሰበረው ይልሰዋል። የሹራቡ ክር ምላስ ላይ ይቀራል። ታዲያ ልጆቼን ከተማው በሙሉ ቸኮላት የሆነበት ቦታ ማድረስ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

መግቢያው ላይ የልጅ ቁመት ይለካል። ለየቁመቱ የጣፋጭ ስም ወጥቶለታል። ትልቁ «ሪሲስ»፣ ትንሿ «ኪስስ» ሆነች። ልጄ ወደሚቀጥለው ለመድረስ በእግር ጣቱ ቆመ። የምትለካው ወጣት ፈገግ ብላ ተረከዙን አስወረደችው። እኛ አገር ቢሆን «ትንሽ ነው የጎደለው፣ ግዴለም ይግባ» የሚል አይጠፋም። እዚያ ኢንች ማለት ኢንች ነው። ይሄን ወድጄላቸዋለሁ። የልጅ ደኅንነት በይሉኝታ አይታለፍም።

ቸኮላት ወርልድ የሚባለው ቤት ውስጥ ደግሞ በጋሪ ተቀምጠህ ካካዎው ቸኮላት እስኪሆን ያሳዩሃል፣ የሚዘፍኑ ላሞች አሉ፣ ሲያልቅ ቸኮላት ይሰጡሃል። በነፃ ነው። ትንሿ ልጄ በላሞቹ ሞተች። ዘንድሮ ሐይቅ ከተማ አጎቴ ጋ ስትሄድ ላሚቱን ረጅም ሰዓት ቆማ አየቻትና «ለምንድነው የማትዘፍነው?» አለች።

አሁን ወደዚያ ቀን ምሳ ልምጣ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ የቋንጣ ፍርፍር ሠርቻለሁ። እናቴ በላከችው በርበሬ፣ በራሷ ቅቤ። ሁለት ትልልቅ የምሳ ዕቃ ሞልቼ በፎጣ ጠቅልያለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተመለስን፣ የኋላውን ከፈትን፣ ክዳኑን አነሳሁ። ሽታው ወጣ። እናቴ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ ልጄ ዘረጋሁ።

ልጄ ወንበሮቹ መሃል ጎንበስ ብሎ ተደበቀ። «እማየ ዝጊው። ይሸታል። ሰው እያየን ነው።» በእንግሊዝኛ ነው ያለኝ። ድምፁን ቀንሶ፣ እየለመነኝ።

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ቅቤው በእጅ አንጓዬ ወረደ። ዞር ብዬ አየሁ። አጠገባችን የቆሙት ባልና ሚስት የራሳቸውን ዳቦ ይበላሉ፣ ልጃቸውን ይቆጣሉ። ማንም አላየንም። ማንም።

ልጄን አልተቆጣሁትም። ምናለ ተቆጥቼው ቢሆን። ክዳኑን ዘጋሁት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እሱ ልጅ ነው፣ ያለው አለ። የዘጋሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ገብተን በውድ ዋጋ ድንች ጥብስ ገዛን።

ስንመለስ ልጆቹ ተኝተው ባለቤቴ ስለ ሚልተን ሄርሺ ነገረኝ። ብዙ ከስሮ የተነሳው በከረሜላ ነው። የራሱ ልጅ አልነበረውም። በ1909 ከሚስቱ ጋር ለወላጅ አልባ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እሷ ከሞተች በኋላ በ1918 አብዛኛውን ሀብቱን ለዚያ ሰጠ። ለእናቴ ስነግራት ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀችው። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ የማስበው እግሬ ሥር ስለቀዘቀዘው ፍርፍር ነበር።

አብሮ አደጌ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ፕሮሰስ ላይ ናት፣ የ5 ዓመት ልጇን ይዛ ልትወጣ ነው። ለእሷና ለመሰሎቿ የምለው አለኝ። በፎቶው አትሸወዱ፤ የምንልክላችሁ የሳቅንበትን ብቻ ነው። ልጆቼ እዚያ አልተራቡም፣ ይማራሉ፣ ታመውም ሐኪም ያገኛሉ። ይሄ ሐቅ ነው። ግን ልጃችሁን በአማርኛ አናግሩት። «አፉን ይፍታ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ አትተዉት፤ እኔ ያንን አድርጌ ነው የተቃጠልኩት። ለትኬት ከመጀመሪያው ደሞዝ ጀምራችሁ ቆጥቡ። አያቱን በስክሪን ብቻ የሚያውቅ ልጅ በርበሬዋን አያውቅም።

እኛ ዘንድሮ ነው የቻልነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ልጄ በየጥምዝምዙ እጁን ወደ ላይ እየዘረጋ ይጮህ ነበር፣ ልክ ሄርሺ መጫወቻው ላይ እንዳደረገው።

ትናንት ግቢ ውስጥ የወንድሜ ልጅ አንድ ከረሜላ አገኘ። በሹራቡ ጫፍ ጠቀለለ፣ ቀጭ አደረገ፣ ትልቁን ስባሪ ለልጄ ዘረጋለት። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላልኩም። ተቀበለና አፉ ውስጥ ከተተው። ቆይቶ ከምላሱ ላይ ክር ሲያወጣ አየሁት።

ሁለቱም ተመልሰን ሄርሺ እንሂድ እያሉኝ ነው። እንሄዳለን። ፍርፍር እይዛለሁ፤ ክዳኑን አልዘጋውም።