ዘንድሮ ቅርጫ እንገባለን

ዛሬ ሰኞ ገበያ ለገና ዶሮ ልጠይቅ ወጥቼ ነበር። ከጎኔ አንድ አባት ቀይ አውራ ዶሮ ይዞ ይከራከራል፣ ትንሽ ልጁ ኮቱን ይዞ ቆሟል። ሰውዬው ብሩን አውጥቶ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ ከዛ ዶሮውን ቀስ አድርጎ ለሴትዮዋ መለሰላት። ልጁ አላለቀሰም። ኮቱን ለቀቀና የአባቱን እጅ ያዘ። ያቺ ትንሽ እጅ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። "እኛስ በግ ካልገዛን እያልን ስንጨቃጨቅ አይደል የከረምነው?" አለች። እውነቷን ነው። የቤታችን ወሬ በግ፣ ቅቤ፣ የልጆች ልብስ፣ ከማን እንበደር ብቻ ሆኗል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ የምንጾመው ለዚህ ጭንቀት ነው እንዴ?

ማታ ጎረቤት ቡና ጠርተን ተነጋገርን። በጉ ይቅር፣ 12 ቤት ሆነን አንድ በሬ ቅርጫ እንግባ፣ ብድር የሚባል ነገር አይነሳ ተባለ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን እትዬ "ድፎ ዳቦውን ለእኔ ተዉት" አሉ። እማዬ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

የዚያን አባት ሰፈር ባውቀው ኖሮ አንድ መደብ እንይዝለት ነበር። ነገ ዶሮ ሻጯን ሴትዮ ሄጄ እጠይቃታለሁ፣ ምናልባት ታውቀው ይሆናል።