ፈተናውን የደፈነው ተማሪ

ጎንደር ውስጥ በምሠራበት ኮሌጅ፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱ ለተማሪዎች የመረጃ አፈላለግ ሥልጠና ይሰጣል። አሠልጣኙ ባልደረባዬ ለዛ ያለው ሰው ነው። እዚህ ከተማ ስለ መጽሐፍ ሲወራ ከየት መነሣት እንዳለበት ያውቅበታል፤ በፋሲል ግቢ ውስጥ በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ስም ከሚጠራው ቤተ መጻሕፍት ይጀምርና ቀስ እያለ የሕክምና ጥናቶች ወደሚፈለጉበት ድረ ገጽ፣ ወደ ፐብሜድ፣ ይወርዳል። ተማሪው ይስቃል፣ ይጽፋል፣ ሲያበቃ የአስተያየት ቅጽ ይሞላል። ቅጾቹን የምደምረው እኔ ነኝ። «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለው ዓምድ ጢም ብሎ ይሞላል፤ አልፎ አልፎ «ሻይ ቢኖር» የሚል አስተያየት ይገኛል።

ከቅጹ ሌላ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነበር። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። የኋለኛው ውጤት ምንጊዜም ከፊተኛው ይበልጣል፤ እንዴትስ አይበልጥ? ጠዋት ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ቀትር ላይ ሲጠየቅ ማስታወሻ ደብተሩ ገና ጉልበቱ ላይ ነው። ሪፖርታችን ግን በየጊዜው «የሥልጠናው ውጤታማነት ተረጋግጧል» ይል ነበር።

የእኔ ጠረጴዛ የማጣቀሻ ክፍሉ መግቢያ ላይ ስለሆነ ከሥልጠና በኋላ የቸገረው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የጤና ተማሪ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የጥናት ርዕሴን ልቀይር ነው። በካላ አዛር ላይ የተጻፈ ነገር የለም» አለኝ።

ጎንደር ላይ ተቀምጦ! ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ወርደው በአሸዋ ዝንብ የተነደፉ የቀን ሠራተኞች ለሕክምና በሚመጡበት፣ ስለ በሽታው ስንት ጥናት በወጣበት ከተማ!

«ሥልጠናውን አልወሰድክም እንዴ?»

«ወስጃለሁ ጋሼ። ፈተናውንም ደፍኜዋለሁ።»

ፍለጋውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ የጥናቱን ርዕስ እንዳለ ገልብጦታል፤ ስርጭቱ፣ ተያያዥ ምክንያቶቹ፣ ወቅታዊ ሠራተኞቹ፣ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀር። ከሥሩ የወጣው ውጤት ዜሮ ነው። የፍለጋ ቃላትን የሚያያይዘው «ኤንድ» (AND) ምን ያደርጋል ብዬ ስጠይቀው፣ «ፍለጋውን ያጠብባል» አለ፤ ዓይኑን እንኳ አላሸም። መልሱ ልክ ነው። ያልታየው ነገር፣ እሱ ባይጽፈውም ፐብሜድ ተራ በተራ የተደረደሩትን ቃላት ራሱ በ«ኤንድ» እንደሚያያይዛቸው ነው። ያን ሁሉ ቃል ሲደረድር፣ «ሁሉንም በአንድነት የያዘ ጽሑፍ ካልሆነ አታምጣብኝ» ማለቱ ነበር። አብረን ቃላቱን ስንቀንስ ገጹ በጥናት ተሞላ።

ነገሩን ለባልደረባዬ ስነግረው ፊቱን አጠቆረ። «በአንድ ልጅ ሥልጠናዬ አይለካም» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ አይለካም። እኔም በቅጽና በምርጫ ጥያቄ ይለካል ወይ ብዬ መለስኩለት። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች ሥልጠና የሚመዘንባቸውን አራት ነገሮች አስቀምጧል፤ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረበት ወይ፣ በሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ በመጨረሻስ ምን ፍሬ አስገኘ። እኛ መወደዱን በደንብ አድርገን፣ መማሩን በስሱ ለክተን፣ ወደ ሦስተኛው ሳንሻገር ሪፖርት እንጽፍ ነበር። ለመለካት የሚቀለው ብዙ ጊዜ ለማወቅ የማይጠቅመው መሆኑ ያናድዳል።

ከክርክር በኋላ ፈተናው ቀረና በምትኩ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀን። ተማሪው የመምህሩን የቤት ሥራ ሲሠራ የፈለገባቸውን ቃላት፣ የመጣለትን የውጤት ብዛትና ቃሉን የቀየረበትን ምክንያት ይጽፍበታል፤ መምህሩም ከቤት ሥራው ጋር ይሰበስብልናል። ለማረም አድካሚ ነው። አንዳንዱ ወረቀት ከመሠረዝ ብዛት አይነበብም፤ እኔ ደግሞ በጣም የወደድኳቸው እነዚህኑ ነው። በሥራ ላይ ሆና የምትማር አንዲት ነርስ፣ መጀመሪያ እንደዚያ ልጅ ረጅም ርዕስ ጽፋ ሠርዛዋለች። ከዚያ «ካላ አዛር» የሚለውን ከበሽታው ሳይንሳዊ ስም ከ«ቪሰራል ሊሽማንያሲስ» ጋር፣ ከሁለቱ አንዱ ቢገኝ ይበቃል በሚለው «ኦር» (OR) አገናኝታ በቅንፍ ከትታዋለች። «መተማ» የሚለውንም አጥፍታ በጎኑ፣ «ጸሐፊዎቹ ርዕሳቸው ላይ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው የሚሉት» ብላ ጽፋለች። ይህን ሥልጠናው ላይ ማንም አልነገራትም። ባልደረባዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ ለሚቀጥለው ዙር ምሳሌ እንዲሆን ስሟን ሸፍኖ ለማባዛት ፈቃድ ጠየቃት።

በሚቀጥለው ዙር ስለ ስኳር በሽታ እንዲጽፉ ከታዘዙ ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ «ሊሽማንያሲስ» ብለው የፈለጉበትን ወረቀት አስረከቡ። አሁን ምሳሌውን በየዙሩ እንቀይራለን።