እግሬ ሥር
ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ መንጠቆዬን ወደ ሐይቁ መሀል ስወረውር ቆየሁ። ክንዴ ዛለ እንጂ አንድም ባስ ዓሣ ዝር አላለም።

አንድ ሽማግሌ መጡ። የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት እንደገባ ሰው በቀስታ ተራምደው ከውሃው ራቅ ብለው ቆሙ። «ልጄ፣ ዓሣው እኮ እግርህ ሥር ነበር፤ ኮቴህን ሰምቶ ሸሸ» አሉኝ።

ዓሣ ማታለያ የላስቲክ ትላቸውን ዳርቻውን ተከትለው፣ ከወደቀው ግንድ ጥላ አጠገብ ጣል አደረጉና ዝም። (እኔ ብሆን ወዲያው እጎትተው ነበር።) ትሉ ቀስ እያለ ሰመጠ። ድንገት ክሩ ስንዝር ያህል ወደ ጎን ሸርተት አለ። ሌላ ምልክት የለም። ዘንጉን ቀና ሲያደርጉት ውሃው ተናወጠ።

ባስ ጥላ ውስጥ አድፍጦ እንደሚያድን አውቅ ነበር። ግን ዳር ቆሜ ሁልጊዜ የማየው መሀሉን ነው፤ በዓሣ ብቻም አይደል።

ነገ ጎህ ሲቀድ ጫማዬን አውልቄ ነው የምጠጋው።