ኢ-ቡኮቼንና ማስታወሻዎቼን ከአፕዴት ያዳንኩበት መንገድ

ኢ-ቡክ ከወረቀት መጽሐፍ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መጽሐፉን የሚከፍትላችሁ ሶፍትዌር በየጊዜው ይለዋወጣል። ዛሬ እጃችሁ የለመደው አፕ ነገ ሌላ መልክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ ለውጥ ደስ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ የእናንተን ነገር ይዞ ይሄዳል።

እኔ ይህን በደንብ የተረዳሁት ስልኬ ላይ የነበረ አንድ የማንበቢያ አፕ ራሱን በራሱ አፕዴት ካደረገ በኋላ ነው። መጽሐፎቹ በቦታቸው አሉ። ያሰመርኩባቸው መስመሮችና ከጎን የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ግን የሉም። መጽሐፍ ቢጠፋ ተፈልጎ ይገኛል። ሳነብ በዚያች ሰዓት የመጣልኝን ሐሳብ ግን ከየት አመጣዋለሁ? ከዚያ በኋላ መጽሐፎቼን የማስቀምጥበትንም፣ የማነብበትንም፣ አፕዴት የማደርግበትንም መንገድ ከሥሩ ቀየርኩ። ሐሳቡ አንድ ነው፤ የእኔ የሆነው ሁሉ አፕዴት በማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ያደረግኩት ስልክ፣ ላፕቶፕና ኢ-ሪደር (የኢ-ቡክ ማንበቢያ መሣሪያ) ላይ የተበታተኑትን መጽሐፎች አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። ለዚህ የመረጥኩት ካሊበር የተባለውን የኢ-ቡክ ማደራጃ ፕሮግራም ነው። ካሊበር ነፃ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ኮቪድ ጎያል የተባለ ፕሮግራመር በ2006 ሲጀምረው፣ የሶኒ ፒአርኤስ-500 ኢ-ሪደር ከሊኑክስ ጋር አልግባባ ስላለው ነበር። እኔ የወደድኩት መጽሐፎቼን ኮምፒውተሬ ላይ፣ በተራ ፎልደር፣ በተራ ፋይል ስለሚያስቀምጥልኝ ነው። ካሊበር ነገ ቢጠፋ እንኳ ፋይሎቹ እጄ ላይ ናቸው።

የላይብረሪውን፣ ማለትም ካሊበር መጽሐፎቹን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር፣ አሠራር ማወቅ ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል። ካሊበር ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ ፎልደር ይከፍታል፤ በውስጡ ደግሞ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሌላ ፎልደር። እዚያ ውስጥ የመጽሐፉ ፋይል፣ የሽፋኑ ምስል፣ እና የመጽሐፉን መረጃ የያዘ ትንሽ የኦፒኤፍ ፋይል ታገኛላችሁ። ጠቅላላ ማውጫው ደግሞ «ሜታዳታ» በሚባል አንድ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ይህ ዳታቤዝ ቢበላሽ ካሊበር ከትንንሾቹ የኦፒኤፍ ፋይሎች እንደገና ይሠራዋል። «ላይብረሪ ሜንተናንስ» ውስጥ ገብቶ «ሪስቶር ዳታቤዝ» የሚለውን መጫን ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ፎልደሮቹን በእጃችሁ አትነካኩ። ስም መቀየር ከፈለጋችሁ ካሊበር ውስጥ ሆናችሁ ቀይሩ። እሱ ፎልደሩን ራሱ ያስተካክላል።

ብዙ ጊዜ የወሰደው መሰብሰቡ አይደለም፤ ሜታዳታው፣ ማለትም የመጽሐፉ ርእስ፣ ደራሲና የመሳሰለው መረጃ ነው። ከየቦታው የመጡ ፋይሎች ርእሳቸው ቁጥር ብቻ ይሆናል፣ ደራሲያቸው «የማይታወቅ» ይሆናል። ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት ካሊበር መረጃውን ከኢንተርኔት ያወርዳል። የአማርኛዎቹን አብዛኞቹን በእጄ ሞላሁ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ካሊበር ደራሲዎችን ሲደረድር የመጨረሻውን ስም ወደ ፊት ያመጣል። ለአማርኛ ደራሲ ይህ አይሆንም፤ በራሱ ስም ነው የምንፈልገው። «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ትዊክስ» የሚባል ክፍል አለ። እዚያ የደራሲ ስም አደራደርን የሚወስነውን መስመር ወደ «ኮፒ» ስቀይረው ስሙ እንደተጻፈ ሆነ። ቀድመው ለገቡት መጽሐፎች ግን «ማኔጅ ኦተርስ» ውስጥ ገብቶ አደራደሩ እንደገና እንዲሰላ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ለካሊበር ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ በዚያው ጽኑ። አለበለዚያ ፍለጋ ስትገቡ ግማሹ መጽሐፍ አይመጣላችሁም።

ፎርማትን በተመለከተ ያለኝን በተቻለ መጠን ኢፐብ ወደሚባለው የኢ-ቡክ ፎርማት ቀየርኩት። ኢፐብ ሲከፈት በውስጡ ያለው የድረ ገጽ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ በዚፕ ታሽጎ የተቀመጠ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ። ለዚህም ነው ብዙ ፕሮግራም የሚያነበው። ከ2017 ጀምሮ ደረጃውን የሚያወጣው የድረ ገጽን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብሊውሥሪሲ ነው። በአማዞን ኢ-ሪደር፣ በኪንድል ላይ ሁኔታው ትንሽ ይለያል። ከ2022 ወዲህ ፋይል ወደ ኪንድል የሚላክበት «ሴንድ ቱ ኪንድል» ኢፐብን ይቀበላል፤ ራሱ ቀይሮ ይልክላችኋል። በዩኤስቢ ገመድ ኢፐብ ብትገለብጡበት ግን አያሳየውም። በገመድ ለመጫን ካሊበር ላይ ኪንድል ወደሚያነበው ፎርማት፣ ወደ ኤዜድደብሊው3 እቀይረዋለሁ።

ፒዲኤፍን ወደ ኢፐብ መቀየር ግን አልመክርም። የገጽ ቁጥሩ ከጽሑፉ መሃል ይገባል። መስመሩ ያለቦታው ይሰበራል። እኔ ፒዲኤፍን በፒዲኤፍነቱ ትቼ በኬኦሪደር ነው የማነበው። ኬኦሪደር ነፃ የማንበቢያ ፕሮግራም ነው። ኮቦና ፖኬትቡክ በተባሉ ኢ-ሪደሮች እና አንድሮይድ ላይ ይጫናል። የገጹን ነጭ ዳር ቆርጦ ጽሑፉን ያሰፋላችኋል፤ ሲያስፈልግ ደግሞ ጽሑፉን ለትንሽ ስክሪን እንዲመች አድርጎ ይደረድረዋል። ለትንሽ ኢ-ሪደር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የፊደል ነገርም አለ። አንዳንድ መሣሪያ ላይ የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። መጽሐፉ ተበላሽቶ አይደለም፤ መሣሪያው የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች በነፃ ይወርዳሉ። ኪንድልም ኮቦም «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ውስጥ የገባላቸውን ፎንት ይቀበላሉ። እኔ ከዚህም አልፌ ካሊበር ላይ ሳዘጋጅ ፎንቱን መጽሐፉ ውስጥ እከተዋለሁ። ያኔ መሣሪያ ቢቀየርም ፊደሉ አብሮት ይሄዳል።

አሁን ወደ ማስታወሻዎቹ ልምጣ። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። በ2019 ማይክሮሶፍት የኢ-ቡክ መሸጫውን ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጽሐፎች መከፈት አቆሙ። ኩባንያው ገንዘባቸውን መለሰላቸው። መጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ለጻፉት ደግሞ ተጨማሪ 25 ዶላር ሰጣቸው። ገንዘቡ ተመለሰ፤ ማስታወሻው ግን በገንዘብ አይተካም። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ማስታወሻዬን የት እንደሚያስቀምጥ ፈልጌ አወቅኩ። ኪንድል «ማይ ክሊፒንግስ» በሚል ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ፣ «ዶክዩመንትስ» ፎልደር ላይ ያስቀምጣል። ኮቦ ድብቅ በሆነ ፎልደር ውስጥ ባለ ዳታቤዝ ይይዘዋል። ኬኦሪደር ከመጽሐፉ ጎን፣ መጨረሻው ኤስዲአር በሚል ፎልደር ውስጥ ይጽፈዋል። የካሊበር ማንበቢያ ደግሞ ከ2020 ወዲህ፣ ከስሪት 5 ጀምሮ፣ የተሰመረበትን ላይብረሪው ውስጥ ይይዛል፤ ወደ ጽሑፍ ፋይል ማውጣትም ይቻላል። በየወሩ መጨረሻ እነዚህን ሁሉ ገልብጬ በተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጣቸዋለሁ። ተራ ጽሑፍ ለመክፈት የተለየ ፕሮግራም አያስፈልግም። የትኛውም አፕ አፕዴት ቢሆን አይነካውም።

ስልኬ ላይ ለማንበቢያ አፖች አውቶማቲክ አፕዴትን አጥፍቻለሁ። ለባንክ አፕ ወይም ለብራውዘር እንዲህ አላደርግም፤ እነሱ ቶሎ መታደስ አለባቸው። የማንበቢያ አፕ ግን ማስታወሻዬን አውጥቼ እስክጨርስ ቢቆይ የሚጎዳኝ ነገር የለም።

ካሊበር በዚህ በኩል ጨዋ ነው። አዲስ ስሪት ሲወጣ ይነግራችኋል እንጂ ራሱን በራሱ አይቀይርም። አዲስ ስሪት ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ሁሉንም አልከተልም። መጀመሪያ የማየው ከነጥቡ በፊት ያለውን ቁጥር ነው። እሱ ሲቀየር ለውጡ ትልቅ ነው። በ2020 ስሪት 5 ሲወጣ ካሊበር ወደ ፓይተን 3 የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተሻገረ። በዚያን ጊዜ ያልታደሱ ፕለጊኖች (ካሊበር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) መሥራት አቆሙ። በ2022 ስሪት 6 በመጽሐፎቹ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ መፈለግ የሚያስችል ነገር አመጣ። ይህን ያህል የጠቀመኝ አፕዴት የለም። አንድ ዐረፍተ ነገር ትዝ ሲለኝ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ወዲያው አገኘዋለሁ። ያው ስሪት 6 ግን ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮችን ተሰናበተ። ሁለቱም ነገር በአንድ አፕዴት መጣ። ስለዚህ «ምን አዲስ ነገር አለ» የሚለውን ገጽ ሳላነብ አልጭንም። የምጠቀምባቸው ፕለጊኖች መታደሳቸውንም አያለሁ።

ትልቅ ስሪት ሲወጣ የማደርገው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማስተካከያዎች እስኪወጡ እጠብቃለሁ። ከዚያ ካሊበርን ዘግቼ ላይብረሪውን በሙሉ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። ሴቲንጉንና ፕለጊኖቹንም ጭምር ለመያዝ «ኤክስፖርት» የሚለውን እጠቀማለሁ፤ እሱ ሁሉንም አንድ ላይ ያወጣል። አፕዴቱን ከጫንኩ በኋላ መጀመሪያ የምከፍተው ዋናውን ላይብረሪ አይደለም። ጥቂት መጽሐፎች ያሉበት የመሞከሪያ ላይብረሪ አለኝ። እዚያ ላይ እከፍታለሁ፣ ፎርማት እቀይራለሁ፣ ወደ ኢ-ሪደሩ እልካለሁ። ይህ ሁሉ ከሠራ ወደ ዋናው እገባለሁ። ካልሠራ የድሮዎቹ ስሪቶች ካሊበር ገጽ ላይ አሉ፤ አውርዶ መመለስ ነው።

የኢ-ሪደሩ የራሱ አፕዴት ለብቻው መታየት አለበት። ኮቦን ውሰዱ። የመሣሪያው ሶፍትዌር ሲታደስ ውስጡ ያለው ዳታቤዝ ሊቀየር ይችላል። ያኔ አሮጌ ካሊበር «ይህን ስሪት አላውቀውም» ብሎ ይቆማል። በግድ እንዲቀጥል የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እኔ ግን አልነካውም። ካሊበር እስኪታደስ መጠበቅ ይሻላል። በ2024 የወጡት አዳዲስ ኪንድሎች ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት እንደ ፍላሽ ሳይሆን ስልኮች በሚጠቀሙበት በኤምቲፒ ነው። አሮጌ ካሊበር ይዛችሁ መሣሪያውን አላየውም ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ኬኦሪደርን የጫነ ሰው ደግሞ የመሣሪያው አፕዴት ማስነሻውን ሊያጠፋበት እንደሚችል ይወቅ። መጫኛውን ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው አፕዴት የሚባል ነገር አልነካም» እንዳይል እፈራለሁ። ያም አያዋጣም። በ2016 አማዞን ለቆዩ ኪንድሎች አንድ አስፈላጊ አፕዴት አውጥቶ እስከ ማርች 22 ድረስ ጫኑ ብሎ ነበር። ቀኑ ያለፈባቸው መሣሪያዎች ከመሸጫውና ከሌሎቹ አገልግሎቶች ጋር መገናኘት አቃታቸው። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ አውርዶ በዩኤስቢ መጫን ግድ ሆነ። ስለዚህ የግንኙነትና የደኅንነት አፕዴት ከሆነ፣ ማስታወሻዬን ካወጣሁ በኋላ ሳልውል ሳላድር እጭናለሁ። መልክ የሚቀይር ብቻ ከሆነ ሌሎች ምን እንዳሉ እስክሰማ ይቆያል። ሁለቱንም ስጭን ባትሪው ሙሉ መሆኑን አያለሁ።

ስለ ባክአፕ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ላይብረሪውን በቀጥታ ክላውድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህ አደጋ አለው። ካሊበር ዳታቤዙ ላይ እየጻፈ ሳለ ክላውዱ ያንኑ ፋይል ሊጭን ይሞክራል፤ ሁለት ኮምፒውተር ካለ ደግሞ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። የካሊበር መመሪያ ራሱ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። የእኔ ላይብረሪ ተራ ፎልደር ውስጥ ነው። ካሊበርን ከዘጋሁ በኋላ ቅጂውን ወደ ሃርድ ዲስክና ወደ ክላውድ እልካለሁ። ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃኝም፤ አልፎ አልፎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ መጽሐፎቹ እንደሚነበቡ አያለሁ።

የቀረኝ ሥራ በቁልፍ የታሰሩት መጽሐፎች ናቸው። ከመሸጫው አፕ ውጭ አይከፈቱም፤ ስለዚህ ከላይ ያልኩት ሁሉ እነሱን አይሸፍንም። አሁን ከመግዛቴ በፊት መጽሐፉ ያለ ቁልፍ በኢፐብ ይሸጥ እንደሆነ አያለሁ። አንዳንድ አሳታሚ በገጹ ላይ በግልጽ ይጽፈዋል። ካልጻፈ እጠይቃለሁ። ቀድመው ለገዛኋቸው ደግሞ ካሊበር ውስጥ ባዶ መዝገብ ከፍቼ ርእሱን፣ የገዛሁበትን ቦታና ማስታወሻዬን አስገባለሁ። በዝርዝሩ ውስጥ ገና አጋማሽ ላይ ነኝ።