ድንጉላ ሳይደርስ ንብ አትክፈሉ

ጎጃም ውስጥ የንቦቹን እናት «አውራ» እንላታለን። ስሙን ለእናቲቱ ሰጥተን እውነተኛውን ወንድ፣ ድንጉላውን፣ ማር በሊታ ብለን እናሳድዳለን። በዚህ ብዙ ሰው ይጎዳል።

እርግጥ ድንጉላ መናደፊያ የለውም፤ ሰም አይሠራም፤ አበባም አይቀስምም። ዓይኖቹ አናቱ ላይ እስኪገጥሙ የተለቁት አየር ላይ አውራ እንዲያይባቸው ነው። ፀሐያማ ቀን ከሆነ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ግድም ወጥቶ ከሌላ ቀፎ ድንጉላዎች ጋር ይሰበሰባል። ከአውራ የተገናኘው እዚያው ይሞታል። አውራዋ ከ10 እስከ 20 ከሚሆኑ ድንጉላዎች የተቀበለችውን ዘር ይዛ ዕድሜዋን ሙሉ እንቁላል ትጥልበታለች።

ስለዚህ ንብ ስንከፍል፣ ማለትም የአንዱን ቀፎ ንብ ለሁለት አድርገን አውራ የሌለው ወገን አዲስ አውራ እንዲያወጣ ስናደርግ፣ ቀኑን የሚቆርጥልን ድንጉላው ነው። እንቁላሉ ከተጣለ ጀምሮ ከሰም ቤቱ እስኪወጣ 24 ቀን ገደማ፣ ከወጣ በኋላ ለዘር እስኪደርስ ሌላ 12 ቀን ያህል ይፈልጋል። መስከረም 20 የተከፈለ ንብ ከለጋ እጭ አውራ ለማውጣት 12 ቀን፣ አውራዋ ጠንክራ ለመብረር 6 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ጥቅምት 8 ግድም መሆኑ ነው። ለዚያ ቀን የሚደርሰው ድንጉላ እንቁላሉ መስከረም 2 አካባቢ ተጥሎ መሆን አለበት። አደይ ገና ሳይፈነዳ የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጮቄ ተራራ ግርጌ ብርዱ ሲያይል ደግሞ አውራዋም ድንጉላውም ከቀፎ አይወጡም።

መፈተኛው ቀላል ነው። የድንጉላ ቤት ከሠራተኛዋ ቤት ሰፋ ይላል፤ ክዳኑም ያበጠ ነው። አንዱን በቢላ ጫፍ ክፈቱ። የልጁ ዓይን ወይን ጠጅ ከመሰለ ክፈሉ፤ ገና ነጭ ከሆነ አንድ ሳምንት ታገሡ።

አውራዋ ሳትገናኝ 3 ሳምንት ያህል ካለፋት ዘር የሌለው እንቁላል መጣል ትጀምራለች፤ ከዚያ የሚወጣው ድንጉላ ብቻ ነው። በሠራተኛ ጠባብ ቤት ያበጠ ክዳን በብዛት ካያችሁ እንቁላሉን ልብ በሉ። በየቤቱ አንድ አንድ ሆኖ ወለሉ መሐል ከሆነ ጥፋቱ የአውራዋ ነው፤ ፈልጋችሁ አስወግዷትና ከሌላ ቀፎ እንቁላልና ለጋ እጭ ያለበት እንጀራ (ንቡ የሠራው የሰም ቤት ድርድር) ስጡ። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሆኖ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ግን የሚጥሉት ሠራተኞቹ ናቸው። እነሱ አዲስ አውራ በቀላሉ አይቀበሉም፤ ለጋ እጭ ያለበት እንጀራ በየሳምንቱ ለ3 ሳምንት ስጧቸው፤ ካልሆነ ከጠንካራ ቀፎ ጋር ቀላቅሏቸው። እንጀራው በማይታይበት በእበት የተለሰነ ባህላዊ ቀፎ ምልክቱ በሩ ላይ ነው፦ ከሠራተኛ ብዙም የማይበልጡ ደቃቃ ድንጉላዎች ይወጣሉ።

የድንጉላ እንጀራ ቆርጦ መጣልም ትርፍ የለውም፤ ንቡ ማሩን ሰም አድርጎ መልሶ ይሠራዋል። ሌላው ስህተት ቀፎውን ሁሉ ከአንዲት እናት ማባዛት ነው። ወንድምና እህት ሲገናኙ ከእንቁላሉ ከፊሉ ጉድለት ያለበት ወንድ ይሆናል፤ ሠራተኞቹ እጩን ይበሉታል፤ እንጀራውም ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። መንደር ውስጥ ካሉ ሌሎች አናቢዎች ንብ መለዋወጥ ይህን ያስቀራል።

ኑግ አልፎ አበባ ሲጠፋ ሠራተኞቹ ድንጉላውን እየጎተቱ ያስወጡታል፤ ይህ ጤና ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ አስወጥተው አንዱ ቀፎ ብቻ ድንጉላውን ካቆየ አውራ ሳይሞትበት አልቀረም፤ በዚያው ሳምንት ክፈቱት።