ላፕቶፔን ያላመነው ዲኮደር

ነሐሴ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥናችንን ይዞት ሄደ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። ሠሪው ከፈተው፣ አሸተተው፣ «ቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። በጠራልኝ ዋጋ ግማሽ ቴሌቪዥን ይገዛል።

ዲኮደሩ ግን ደህና ነው። የወሩም ተከፍሏል። ቅዳሜ ደግሞ ጨዋታ አለ። ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ተቀምጦ ሰው እንዴት ስክሪን ያጣል?

የዲኮደሩን ኤችዲኤምአይ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ዝም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ሳቀብኝ። ለካ ያ ቀዳዳ ምስል ማስወጫ እንጂ ማስገቢያ አይደለም! መርካቶ ወርጄ «ካፕቸር» የሚሏትን ገዛሁ። ፍላሽ ታክላለች፤ ባንድ ጎኗ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ዩኤስቢ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ሁሉንም ትስባለች» አለኝ ልጁ። ገና አርባ ሳልሞላ ጋሼ ሲለኝ ነበር መጠርጠር።

ቤት ገብቼ ኦቢኤስ የሚባለውን ነፃ የቪዲዮ መቅጃ ሶፍትዌር ከፈትኩ። የካፕቸሯ ሰማያዊ መብራት ይበራል። መስኮቱ ግን ጥቁር። ድምፅም የለም። ገመድ ቀየርኩ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፣ ያው ጥቁር። በመጨረሻ ነፃ ቻናሎች የምናይበትን ትንሿን ሪሲቨር ሰካሁባት። ወዲያው ዜና አንባቢዋ ጥርት ብላ መጣች። ካፕቸሯ ጤነኛ ናት ማለት ነው።

ጣጣው ኤችዲሲፒ የሚባል፣ ምስል እንዳይቀዳ የሚጠብቅ ቁልፍ ነው። ኢንቴል የሠራው ሲሆን የመጀመሪያው ዕትም የወጣው በ2000 ነው (በፈረንጆቹ)። ዲኮደሩ ምስሉን ከመልቀቁ በፊት ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ዕቃ ቁልፍ ይጠይቃል። ቴሌቪዥን ከፋብሪካ ሲወጣ ቁልፉ ውስጡ አለ፤ ይመልሳል፣ በሩ ይከፈትለታል። የእኔ ካፕቸር ምን ትመልስ? ዋናው ቁልፍ በ2010 አፈትልኮ ኢንተርኔት ላይ ተለጥፏል፤ ኢንቴልም እውነት ነው ብሏል። ሌባው ቁልፉን ካገኘ ቆይቷል። በየወሩ የምከፍለው እኔ ነኝ ጥቁር መስኮት ላይ ያፈጠጥኩት።

የአጎቴ ልጅ የባሰ አይቷል። እዚያ ኬብል ቴሌቪዥን ነው። ያኔ ኩባንያው ኬብልካርድ የሚባል ካርድ ይሰጥህ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ በተገጠመው መቀበያ ውስጥ ትከተዋለህ፤ ከዚያ ዊንዶውስ ሚዲያ ሴንተር በሚባል ፕሮግራም ታይ፣ ትቀዳ ነበር። እያንዳንዱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ግን ምልክት ይዞ ይመጣ ነበር፦ እንደፈለግህ ቅዳ፣ አንዴ ብቻ ቅዳ፣ ጭራሽ አትቅዳ። በጊዜው በነበረው የአገሩ ደንብ የአካባቢው ነፃ ጣቢያዎች መቅዳት መከልከል አይችሉም ነበር። የሚከፈልባቸው ቻናሎች ግን «አንዴ ብቻ» ሊሉ ይችሉ ነበር። «አንዴ» ማለት ደግሞ የቀዳው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማለት ነበር። የእሱ ኮምፒውተር ሲሞት ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ አዲሱ ላይ ሰካው። ፋይሎቹ ስማቸው ተደርድሮ ይታያል፤ አንዱም አልጫወት አለ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ሚዲያ ሴንተርም ቀረ። እሱም ተወው።

ሊጉ ጨዋታውን በብዙ ገንዘብ እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ ይጠበቅለት። የዲኮደሩ ኩባንያ ገንዘቤን ሲቀበል ደንበኛ፣ ላፕቶፕ ስሰካ ሌባ መሆኔ ነው ያልገባኝ። ቅዳስ ብባል ምኑን ልቀዳው ነው? የሐሙስ ጨዋታ አርብ ማን ያያል?

እንደገና መርካቶ ወረድኩ። ልጁ አሁን ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ የሚቀበል ሌላ ዕቃ ሰጠኝ። በዚያ በኩል የሚወጣው የድሮው ምስል ስለሆነ ዲኮደሩ ቁልፍ አልጠየቀም። 576 መስመር ብቻ ነው፤ የተጫዋቹ ቁጥር አይነበብም፣ ኳሷም ከመስመሩ ኖራ ጋር ትምታታለች። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ትንሽ አየችና «ይሄ የዘንድሮ ነው?» አለች።

ቅዳሜ እንደዚያው አየነው። የመጀመሪያዋ ካፕቸርም አልተጣለችም። ከነፃው ሪሲቨር ጋር ተሰክታ፣ ባለቤቴ ማታ ማታ ድራማዋን ትቀዳባታለች።