ለልብ የሮጥንበት እሁድ

ባለፈው እሁድ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ሮጥን። የሰፈር ልጆች፣ የቢሮ ጓደኞች፣ ከእድራችን ሁለት ጋሼዎች፣ ጥቂት እናቶች። የተለየ ቲሸርት አልነበረም፣ ሜዳሊያም አልነበረም። ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። እያንዳንዳችን ከዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከሰፈር ባለሱቅ ሳይቀር "ለምሮጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስንት ትሰጠኛለህ?" እያልን ቃል አስገባን፣ ስማቸውን ደብተር ላይ ጻፍን፣ ከዚያ ወጥተን ሮጥን። ብሩ የሚገባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ላለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ነው። ደስታው ገና ከውስጤ ስላልወጣ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሐሳቡ የመጣው ከጎረቤታችን ልጅ ነው። 11 ዓመቷ ነው። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ደረጃውን ስትወጣ መሃል ላይ ቁጭ ብላ ካላረፈች ትንፋሽ ያጥራታል። ማታም ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት አትችልም። እናቷ መጀመሪያ ደም ማነስ መስሏቸው ቀይ ስር እየቀቀሉ ያበሏት ነበር። የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር ሕመም መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። አሁን እንደ ብዙ ሺህ ሕፃናት ወረፋ ላይ ናት።

ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለውን ይህን በሽታ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ላውራ። የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ልጁ ጉሮሮውን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ እኛም "ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል" ብለን እንተወዋለን። አንዳንዴ ግን ጉሮሮው ላይ ያለው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ በጊዜው ካልታከመ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን የልብ ቫልቭ ሊያጠቃ ይችላል። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ያበጠው መገጣጠሚያ ይድናል። ቫልቩ ግን ተጎድቶ ሊቀር ይችላል፤ ወይ ይጠብባል ወይ ደም ወደኋላ ያሳልፋል፣ ሲብስም ኦፕራሲዮን ይጠይቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ መነሻው ላይ በፔኒሲሊን የሚድን ነገር መሆኑ ነው። አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ እንዳያገረሽበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፣ ያውም ለዓመታት። መርፌው ያማል። አንድ ጊዜ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሄጄ ነበር፣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችና ቃል ሳይወጣት ተወጋች። ከዚያ ወዲህ ስለ በሽታው ያላነበብኩት የለም።

እና እባካችሁ፣ "እንጥል ወረደ" ተብሎ ልጅ አይቆረጥ። ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ወደ ሩጫው ልመለስ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መስቀል አደባባይ ተገናኘን። የጥቅምትን ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ አባቶች "በጥቅምት አንድ አጥንት" ያሉት ብርዱን ቀምሰው ነው። ሰማዩ ግን አንድ ደመና የለበትም። ደረጃው ላይ እንደ ወትሮው ስፖርተኛው ሞልቷል፤ የሚሮጠው ይሮጣል፣ ገመድ የሚዘለው ይዘላል፣ በማይክ ኤሮቢክስ የሚያሠራም አለ። ያስጀመረችን ትንሿ ጎረቤታችን ናት። ሹራቧ ላይ የእናቷን ጋቢ ደርባ መንገዱ ዳር ቆመች፣ እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ "ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ... ሂዱ!" አለች። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን ሁላችንም ሰማነው። እኛ ስንነሳ እሷና እናቷ በራይድ ቀድመውን ወደ ወዳጅነት ፓርክ ሄዱ፣ መጨረሻችን እዚያ ስለነበር።

በቅዱስ እስጢፋኖስ በኩል አለፍን። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን እየወጡ ነበር፣ አንዲት እናት መንገዱ ላይ ቆመው "በርቱ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ያበርታችሁ" ሲሉን ለምን እንደምንሮጥ እንኳ አያውቁም። አንዱ ልጅ ዞር ብሎ ነገራቸው። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ብር ሰጡት። ደብተሩ ላይ "እማማ፣ እስጢፋኖስ በር" ተብሎ ተመዝግቧል።

አፍሪካ አዳራሽን አልፈን፣ ብሔራዊ ቤተ መንግሥቱን አልፈን፣ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደውን አቀበት ጀመርን። በመኪና ስንሄድ አቀበት መሆኑ የማይታወቀን መንገድ በእግር ሲሮጡት ሌላ ነው! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሯጮቻችን የሚጠነክሩት በዚህ አየር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሒልተን ጋ ስደርስ ደረቴ ተወጥሮ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ልጅቷ አሰብኩ። እኔ ቆም ብል ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ትንፋሼ ይመለስልኛል። እሷ ከአልጋ እስከ መስኮት ስትሄድ ይህንን ነው የምትቀምሰው። ሳልቆም ወጣሁት።

ከጎኔ የነበሩት ከእድሩ ጋሼዎች አንዱ ናቸው፣ ስድሳን አልፈዋል፣ እየሮጡ ያወራሉ። "እኔ እኮ በ1994 የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ላይ ነበርኩ" አሉኝ። "ኃይሌ ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ አሸነፈ፣ ከሴቶች ብርሃኔ አደሬ። እኔ ስገባ እነሱ ሻወር ወስደው ቤታቸው ገብተው ነበር።" ከዚያ "አይዞሽ ልጄ፣ አጭር አጭር እርምጃ ውሰጂ፣ አቀበት በጉልበት አይወጣም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እርምጃዬን ሳሳጥር ቀለለኝ። ለጀማሪ ሁሉ የምነግረው ምክር ሆኗል።

የአንድነት ፓርክን አጥር ይዘን ስንሄድ ከግቢው ዛፎች የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ፊት ላይ ይታወቃል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስንዞር እንጦጦ ፊት ለፊት ድቅን አለ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ለዓመታት በሚኒባስ ተመላልሻለሁ፣ ተራራው ሁልጊዜም እዚያው ነበር፣ ከሰው ትከሻ ጀርባ ሆኜ አላየሁትም እንጂ። የየካቲት 12 ሐውልትን ዞረን ቁልቁል ተመለስን። ቁልቁለቱ ላይ ዘፈን ተጀመረ፣ "ሆ!" ያልተባለበት ቦታ የለም፣ የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ በመስኮት ወጥተው አብረውን ይጨፍሩ ነበር።

ወዳጅነት ፓርክ ስንገባ ልጅቷና እናቷ ውሃው ዳር ሳር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጫማችንን አውልቀን አጠገባቸው ተዘረርን። ሳሩ ጤዛው ገና አልደረቀም፣ የጦፈ እግር ላይ ደስ ይላል። መሃል ከተማ ሆኖ የመኪና ጥሩምባ ከሩቅ ብቻ ሲሰማ እንዴት እንደሚገርም! ማንም ስልኩን አላወጣም። ብርቱካን ተላጠ፣ ቆሎ ዞረ።

ከዚያ በላያችን ትልልቅ ጥቋቁር ወፎች እየጮኹ አለፉ፣ መንቁራቸው ረጅምና ወደ ታች የቆለመመ። ጠዋት ጠዋት ሰፈር ውስጥ ሲንጫጩ እሰማቸዋለሁ፣ ቀና ብዬ ግን አይቻቸው አላውቅም። ልጅቷ ታውቃቸዋለች። "እነዚህ ማታ ማታ በቤታችን ጀርባ ነው የሚመለሱት" አለች። "ሁልጊዜ ተጠራርተው ነው የሚሄዱት፣ አንዱ ወደኋላ ከቀረ ይጮሁለታል።" ትምህርት ቤት በማትሄድበት ቀን መስኮቱ ጋ ስለምትውል ሁሉንም ታያለች። ጭልፊቱ የትኛው ባሕር ዛፍ ላይ እንደሚያድር፣ የሰፈሩ ወይራ መቼ ፍሬ እንደሚያፈራ፣ የትኛው ድመት እርጉዝ እንደሆነች። ቤት ገብቼ ስፈልግ ወፉ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የማይገኝ ሆኖ አገኘሁት። ነገርኳት፣ "ታዲያ የኛ ናቸዋ!" ብላ ሳቀች።

ከእሷ ጋር ዛፍ ዛፉን እየዞርን አየን፣ ቀስ እያልን፣ በየአግዳሚው እያረፍን። እሷ ስታርፍ እኛም እናርፋለን። ከሩጫው ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህኛው ነው ብል አላጋነንኩም። ወደ 4 ሰዓት አካባቢ አራት ኪሎ ወጥተን ፉል በላን፣ ጋሼ ሒሳቡን ማንንም አላስነኩም።

ሰኞ ዕለት ቃል የገቡትን ሁሉ ደወልንላቸው። የሚገርመው ማንም አልቀረም፤ ባለሱቃችን እንዲያውም "የሮጥሽበትን ብቻ አይደለም፣ የተመለስሽበትንም ጨምሬልሻለሁ" ብሎ ደርቦ በቴሌብር ላከ። ገንዘቡ በማዕከሉ ሒሳብ ገብቷል፣ ደረሰኙም ግሩፓችን ላይ ተለጥፏል፣ ሰጥቶ ያላየ ሰው ካለ ይጠይቀኝ። አንድ ኦፕራሲዮን የሚሸፍን ገንዘብ አይደለም። ወረፋው ረጅም ነው፣ የቫልቩም ዋጋ ከባድ ነው። ስለዚህ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እንደገና እንሮጣለን። ጋሼ በፍልውሃ በኩል እንጀምር እያሉ ነው፣ ወጣቶቹ ደግሞ እንጦጦ ካልወጣን ብለዋል፣ ገና አልተስማማንም። መሮጥ የማይችል መራመድ ይችላል። የጎረቤታችን እናት ከወዲሁ ተመዝግበዋል፣ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ስም የሳቸው ነው።